የሰመጠ ሁሉ ታሰረ ማለት አይደለም

«ባሕሩ ሰፊ ነው፤ አይሰማውም።» ሰሞኑን የካርቦን ክሬዲት፣ ማለትም ኩባንያዎች ልቀታቸውን ለማካካስ የሚገዙትን ደረሰኝ፣ የሚሸጡትም፣ ደቃቅ የባሕር ፍጥረታት በዝተው ካርቦን ይዘው እንዲሰምጡ ውቅያኖስ ላይ ብረት እንበትን የሚሉትም ይህንኑ እየደጋገሙ ነው። ክርክራቸው አጭር ነው። ውቅያኖስ ውስጥ 38 ሺህ ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን አለ። አየር ውስጥ ካለው ከ40 እጥፍ ይበልጣል። የሰው ልጅ ነዳጅና ድንጋይ ከሰል አቃጥሎ በዓመት የሚለቀው ደግሞ ወደ 10 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ነው። ታዲያ ከዚህ ላይ ጥቂቱን ወደ ጥልቁ ብንልከው ምን ይሆናል ባዮች ናቸው።

ቁጥሩ ትክክል ነው። ከቁጥሩ የመዘዙት መደምደሚያ ግን ዓይን ያወጣ ስህተት ነው።

አይሰማውም የሚሉት ባሕር እኮ ተሰምቶታል። በየዓመቱ ከምንለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩቡን ያህል የሚውጠው እሱ ነው። ዋጋውንም እየከፈለ ነው። የላይኛው ውሃ ፒኤች (ሲወርድ አሲድነት መጨመሩን የሚያሳይ መለኪያ) ከ8.2 ወደ 8.1 ወርዷል። ለውጡ ትንሽ ይመስላል። አሲድነቱ ግን 30 በመቶ ገደማ ጨመረ ማለት ነው። ዛጎል የሚሠሩ ፍጥረታት ይህን መቋቋም እየከበዳቸው ነው። ደግሞ ያ 38 ሺህ ቢሊዮን ቶን የሚባለው አብዛኛው ያለው አየር በማይነካው ጥልቅ ውሃ ውስጥ ነው። ከአየር ጋር የሚገናኘው የላይኛው ሽፋን የያዘው 900 ቢሊዮን ቶን ገደማ ብቻ ነው። የጥልቁን ቁጥር አንስቶ ስለ ላዩ መከራከር አያዋጣም።

እሱን ልተወውና እኔን ወደሚያንገበግበኝ ልግባ። የሰመጠ ካርቦን ሁሉ እንደታሰረ ተቆጥሮ ደረሰኝ ይቆረጥበታል።

እስቲ አወራረዱን እንየው። ላይኛው ውሃ ላይ፣ ፀሐይ በሚደርስበት፣ በዓይን የማይታዩ፣ እንደ ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን የሚያድጉ ፋይቶፕላንክተኖች አሉ። በዓመት ወደ 50 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ወደ አካላቸው ይለውጣሉ። የብስ ላይ ያሉ ዕፅዋት በሙሉ ከሚሠሩት ጋር የሚቀራረብ መጠን ነው። ከዚያ ይበላሉ፣ ይሞታሉ፣ እርስ በርስ ተጣብቀው ይወርዳሉ። ሳይንቲስቶች ይህን ለመያዝ አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ የሆነ መያዣ በገመድ ጥልቁ ውስጥ ያንጠለጥላሉ። ከሥሩ ብልቃጦች ተደርድረዋል። የአንዱ ብልቃጥ ጊዜ ሲያበቃ ሞተሩ ይዞርና ሌላው ይተካል። ከወራት በኋላ መያዣው ተስቦ ሲወጣ ብልቃጡ ግርጌ ላይ የሚገኘው ጥቂት ቡናማ ዝቃጭ ነው። ክሪል የሚባል ሽሪምፕ መሰል ትንሽ እንስሳ እዳሪ፣ የተሰባበረ ዛጎል፣ እንደ ንፍጥ የተያያዘ የሞተ አልጌ። ላዩ ላይ ከታየው ያ ሁሉ አረንጓዴ ታች የደረሰው ይኸው ነው።

የቀረውስ የት ገባ? ተበላ። በየጥልቀቱ ባክቴሪያ አለ፤ ትንንሽ እንስሳት አሉ። የሚወርደውን እየበሉ ካርቦኑን መልሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አድርገው ይተነፍሱታል። እ.ኤ.አ. በ1987 የውቅያኖስ ሳይንቲስቱ ጆን ማርቲንና ባልደረቦቹ ከእንዲህ ዓይነት መያዣዎች የተገኘውን መረጃ ይዘው፣ ካርቦኑ እየወረደ ሲሄድ ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚያሳይ አንድ ኩርባ አወጡ። በኩርባው መሠረት 100 ሜትር ጥልቀትን ካለፈ 100 ቶን ካርቦን ውስጥ 1,000 ሜትር የሚደርሰው 14 ቶን ገደማ ነው። 4,000 ሜትር የሚደርሰው ደግሞ 4 ቶን ገደማ። ደለል ውስጥ ተቀብሮ የሚቀረው ከዚያም በእጅጉ ያነሰ ነው። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ቀዝቃዛና ሞቃት ውሃ ላይ አንድ አይደለም። እየወረደ በሄደ ቁጥር ማለቁ ግን የትም ቦታ አይቀርም።

ይህን ማርቲን የተባለ ሰው ልብ በሉልኝ። ብረት በታኞቹ እንደ ነቢይ የሚጠቅሱት እሱኑ ነው። በ1988 «ግማሽ ታንከር ብረት ስጡኝ፤ የበረዶ ዘመን እሰጣችኋለሁ» ያለው እሱ ነው። ሐሳቡ ጠንካራ ነበር። በአንታርክቲካ ዙሪያ ያለው ውቅያኖስ ናይትሬትና ፎስፌት የሚባሉት የፕላንክተን ምግቦች ሞልተውት ብረት ስለሚያጥረው ምርቱ ካቅሙ በታች ነው። ማርቲን በ1993 አረፈ። የመጀመሪያው የባሕር ላይ ሙከራ በዚያው ዓመት ጋላፓጎስ አጠገብ ተደረገ፤ ፕላንክተኑም ጨመረ። ብረት ሲያገኝ ማበቡ አያከራክርም። ግን የሰውየውን ቀልድ ይዞ ኩርባውን መጣል ምን የሚሉት ታማኝነት ነው? እያሳዩን ያሉት ላይ ያበበውን ነው። ገንዘብ የሚጠይቁት ግን ታች ደረሰ ለሚሉት ነው።

ሙከራዎቹን አንስተው ይሞግቱኛል። በ2004 ፖላርሽተርን የተባለችው መርከብ በደቡባዊው ውቅያኖስ ብረት በትና ካበበው ቢያንስ ግማሹ ከ1,000 ሜትር በታች ወርዷል። እሺ፣ ወርዷል። በ2009 ያችው መርከብ ተመልሳ ሄደች። 300 ካሬ ኪሎ ሜትር ውሃ ላይ ብረት ተበተነ። በዚያ ውሃ ውስጥ ሲሊካ የሚባለው የቅርፊት መሥሪያ ማዕድን እምብዛም አልነበረም። ያለ ሲሊካ ደግሞ ዳያቶም የሚባሉት ጠንካራ ቅርፊት ያላቸው ፕላንክተኖች አይበዙም። የበቀለውን ትንንሽ እንስሳት ለቃቅመው በሉት። ወደ ጥልቁ የወረደው ኢምንት ነበር። መርከቧ ያችው፣ ብረቱም ያው፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ። ሻጮቹ የ2004ቱን ሳይጠቅሱ አያልፉም። የ2009ኙን ሲያነሱ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ይውረድ እንበል። ስንት ሜትር? ማዕበልና ብርድ ውሃውን በሚያማስሉበት አካባቢ 300 ሜትር ላይ የሟሟ ካርቦን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመልሶ አየር ሊነካ ይችላል። 1,000 ሜትር ሲያልፍ ነገሩ ወደ መቶ ዓመታት ይገባል። ቦታውም ይወስናል። ግሪንላንድ አካባቢ የሚሰምጠው ቀዝቃዛ ውሃ በአትላንቲክ ግርጌ ወደ ደቡብ ይጓዛል። በሰሜን ፓስፊክ ጥልቅ ውስጥ ያለው ውሃ አየር ካየ ከ1,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። ያም ቢሆን ይመለሳል። በአንታርክቲካ ዙሪያ ነፋሱ ጥልቁን ውሃ ወደ ላይ ይስበዋል፤ አሮጌው ካርቦንም አብሮት ይወጣል። ጥልቁ ባሕር ካርቦኑን የያዘው በብድር ነው።

«መቶ ዓመት ቀላል ነው እንዴ?» ይሉኛል። ቀላል አይደለም። ግን ያንን ክሬዲት ተገን አድርጎ የሚቃጠለው ነዳጅ አየር ላይ ስንት ዓመት ይቆያል? ከፊሉ ሺህ ዓመታትን ይሻገራል። ለሺህ ዓመት ጉዳት የመቶ ዓመት ማካካሻ እየሸጡ ሒሳቡ ተዘጋ ማለት ሕዝብን ማታለል ነው።

ሌላም አለ። ታች የሚበሰብሰው ነገር ኦክስጅን ይጨርሳል። እዚህ ብረት ተበትኖ የተሟጠጠው ናይትሬትና ፎስፌት ውሃው ወደሚሄድበት ሌላ ባሕር ሳይደርስ ይቀራል፤ እዚያ ያለው ፍጥረት ምግቡ ይቀንስበታል። ይህ ኪሳራ ከክሬዲቱ ላይ ሲቀነስ አላየሁም።

ሕጉስ? በ2012 ከካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ ማዶ 100 ቶን ገደማ የብረት ሰልፌት ባሕር ላይ ተደፋ፤ ለሳልሞን ምርትና ለካርቦን ክሬዲት ተብሎ። ብዙ ጩኸት ተሰማ። በ2013 የለንደን ፕሮቶኮል የተባለው፣ ባሕር ላይ ቆሻሻ መጣልን የሚገድበው ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል አገሮች ለእውነተኛ ምርምር ካልሆነ በቀር ብረት መበተን እንዲከለከል ማሻሻያ ተቀበሉ። ማሻሻያውን በቂ አገር ስላላጸደቀው ከ10 ዓመት በላይ ወረቀት ላይ ቀርቷል። ገበያው ግን አልጠበቀም። ራኒንግ ታይድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2023 አይስላንድ አጠገብ የእንጨት ስብርባሪ ባሕር ውስጥ አሰመጠ። ለትልልቅ ኩባንያዎች ክሬዲት ሸጠ። በጁን 2024 ሥራውን ዘጋ።

እንጨቱ ታች ነው። ምን እንደሆነ ወርዶ የሚያየው ማን ነው? ካርቦኑ ተመልሶ ቢወጣ የሚከፍለውስ? መልስ የሚሰጠኝ አላገኘሁም። ምርምሩ ይቀጥል፤ መያዣዎቹ በየባሕሩ ይውረዱ፤ ገንዘቡም ለዚያ ይውጣ። ማሻሻያውን ያላጸደቁ መንግሥታት ዛሬውኑ ያጽድቁት። እስከዚያ ድረስ ባሕር ውስጥ በሰመጠ ነገር ልቀቴን አካክሻለሁ ብሎ ሪፖርት ማድረግ ለአንድም ኩባንያ ሊፈቀድ አይገባም።