በር ከፋቹ

ድሬዳዋ ውስጥ ሰው አንቱ ካለህ አንድም ለከተማው እንግዳ ነው፣ አንድም ገንዘብ ሊበደር ነው። እዚህ ሽማግሌውም ሕፃኑም «አንተ» ነው፤ ቁጣውም ፍቅሩም በ«አቦ» ይጀምራል። ስለዚህ ከዚራ ላይ፣ ዛፎቹ ጥላ ሥር፣ አንድ ወጣት ከብስክሌቱ ወርዶ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?» ሲለኝ ኪሴን ዳበስኩ።

ሊበደር አልነበረም። ግጥም ይዞ ነበር።

በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ የሥነ ጽሑፍ ምሽት አለን። የእኔ ድርሻ በር መክፈት ነው። የአዳራሹ በር ከሙቀቱና ከዕድሜው ብዛት ተጣሟል፤ ቁልፉን እያዞሩ በትከሻ ሽቅብ ካላነሱት ንቅንቅ አይልም። ይህን ጥበብ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ማይክሮፎኑን ከፌስታሉ አወጣና «አንድ፣ ሁለት» እላለሁ። እስከ ዛሬ ለሕዝብ ያቀረብኩት ሥራ ይኸው «አንድ፣ ሁለት» ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ አንዲት ልጅ «ባጃጅ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው» ብላ ስትለምነኝ ለመድረክ መሪው ሹክ አልኩለት፤ ቀድማ አነበበች። ከሁለት ወር በኋላ ግጥሟ በሬዲዮ ተሰማ። ወሬው ያን ሳምንት ተወለደ። ቀፊራ ገበያ ሲደርስ «እሱ ሹክ ካለ ያልፋል» ሆነ፤ ሳቢያን ሲገባ ማተሚያ ቤት ነበረኝ፤ ደቻቱን ተሻግሮ ወደ እኔ ሲመለስ ደግሞ የሁለት ደራስያንን መጽሐፍ አስቀርቻለሁ። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይባላል፤ የእኛ ሰው የሚጨምርበት ሌላ ወሬ ነው።

ይህች ከተማ ለሰው ስም ማውጣት ታውቅበታለች። አሊ መሐመድ ሙሳ ገና በልጅነቱ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ «ቢራ»፣ በኦሮምኛ ስለ ክረምት ማግስት፣ ቢዘፍን ዕድሜውን በሙሉ አሊ ቢራ ተባለ። እሱስ ዘፍኖ ነው። እኔ ምን ብዬ?

ማስተባበሉ ይበልጥ ጎዳኝ። አንድ ሰው ከሐረር ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ አንድ ኪሎ ሐላዋና በሁለት ወፍራም ደብተር የተጻፈ ልብ ወለድ ይዞ ቤቴ መጣ።

«ወንድሜ፣ እኔ በር ከፋች ነኝ» አልኩት።

«እኔስ ምን አልኩ? ይክፈቱልኝ እንጂ!»

ሐላዋውን ልመልስለት ዘወር ስል ባለቤቴ ቆርሳ ከቡናው ጋር አቅርባዋለች። ደብተሮቹን ተቀበልኩ። «እናያለን» አልኩ። ያቺን ቃል ማን እንዳስተማረኝ እንጃ፤ ባለሥልጣን የሆነ ዘመድ እንኳን የለኝም። ግን ከአፌ ስትወጣ ጣፈጠችኝ፣ አልዋሽም። በማግስቱም ለሌላ ሰው ደገምኳት።

ያዘንኩት በአንድ ሽማግሌ ገጣሚ ነው። ስንት ዓመት ለገሃር አጠገብ አብረን ሻይ ጠጥተናል። አሁን ሲያየኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ ግጥሙን ከመርሐ ግብሩ የሰረዝኩበት እኔ ነኝ አሉ። ያን ምሽት ያላነበበው መነጽሩን ቤቱ ረስቶ ነው።

እኔም አሥራ ሁለት መስመር ጽፌ ለአስተባባሪዋ ሰጥቼ ነበር። «አንተ ካነበብክማ ለራሱ አዳላ ይሉሃል፤ ትንሽ ይብረድ» አለች። እስካሁን አልበረደም። መቼስ በድሬ ምን ይበርዳል?

ባለፈው ሳምንት አናጺ መጥቶ በሩን አቀናው። አሁን በአንድ ጣት ይከፈታል። ደስ ብሎኝ ቁልፉን ለጥበቃው አስረከብኩ፤ ሲመሽም ነጻ ሰው ሆኜ በመጋላ በኩል ወደ ቤቴ አዘገምኩ። ስደርስ የሐረሩ ሰው ደጃፌ ቆሟል፤ በእጁ ሁለት ኪሎ።

«ቁልፉን ለሌላ ተዉት አሉ፤ ወደ ላይ ከፍ ማለትዎን ሰማን» አለኝ።

ባለቤቴ ከጓዳ ጠራችኝ፦ «አንተ፣ ቡናው ስንት ስኒ ይሁን?»