ለሰብለ ወንጌል ያለቀሳችሁ ሁሉ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣው ለእኔም ነው፤ የራሴን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ወር ሦስት ሆነን ለሽምግልና ሄድን። ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ልጅቷም ትወደዋለች፤ ቤተሰቦቿም ይህን ያውቃሉ። እንደ ወጉ ቆመን ተናገርን፤ «ተቀመጡ» ተባልን። ቡና ተፈላ። አባትየው ጨዋ፣ የተማሩ፣ መጽሐፍ የሚወዱ ሰው ናቸው። ከኋላቸው ካለው መደርደሪያ ላይ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ ሽፋኑ ተልጦ ይታያል። ጨዋታው ወደ እሱ ሄደ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሥራቸውን ትተው ይሰሙ እንደነበር፣ የሰብለ ወንጌል ፍቅረኛ በዛብህ የሞተ ዕለት እራት እንዳልበሉ ነገሩን። ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጁ ምንም አይወጣለትም። ግን በእናቱ በኩል አጥንቱን ስናስጠይቅ...» አሉ። አልጨረሱትም። መጨረስም አላስፈለጋቸውም። የልጁ አያት ሸክላ ሠሪ ናቸው። «መቼም ዘር ከልጓም ይስባል» ብለው ሌላ ቀጠሮ ሰጡን።

ስም አልጠራም። እሳቸውን ላሳጣም አይደለም የምጽፈው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ክፉ አይደሉም፤ ልጃቸውን ከዓይናቸው ብሌን በላይ ይወዷታል። ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው።

እስቲ መጽሐፉን አብረን እንግለጠው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም ጎጃም ተወለዱ፤ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም ነው። የጻፉት ያደጉበትን አገር፣ የሚያውቁትን ሰው ነው። ፊታውራሪ መሸሻን ብዙዎቻችን እንደ ጭራቅ እናስታውሳቸዋለን። ተሳስተናል። ፊታውራሪ አባት ናቸው። ልጃቸውን ሰብለን ይሳሱላታል። ባል በመጣ ቁጥር ግን ዘሩን ይመዝናሉ። «ይኼ አይመጥናትም፣ ያኛውም አይመጥናትም» ሲሉ ዓመቱ ሄደ፤ ልጅቷ ቆማ ቀረች። ሲያደርጉት የነበረው በራሳቸው ዓይን ክብሯን መጠበቅ ነው። እኚያ የምነግራችሁ አባትም ያን ዕለት ክብሯን እየጠበቁ ነበር።

በዛብህ ሊያስተምራት የመጣ የድሃ ልጅ ነው። የቤተ ክህነት ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ጠባዩ ጥሩ ነው፤ ድምፁ ጥሩ ነው። ይህ ሁሉ ግን ከአጥንት ሚዛን ላይ ሲወጣ አይከብድም።

ስለ በዛብህ ስናወራ ሁልጊዜ የምንዘለው ነገር አለ። እሱን ያሰረው የፊታውራሪ ኩራት ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት ያሰሩት ወላጆቹ ናቸው። ድሆቹ ቦጋለና ውድነሽ፣ ልጃቸው እንዲተርፍላቸው ለእግዚአብሔር ተሳሉበት። ሚስት አያገባም፣ ዕድሜውን በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል አሉ። ልጁ ገና ሕፃን ነው። ማን ጠየቀው? አድጎ ሰብለን ሲወዳት ያ ስለት እንደ እግር ብረት ይጎትተዋል። እናት ናት ያሰረችው፤ ያውም በእንባዋ። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚያመኝ ይኼ ነው። በባላባት መናደድ ይቻላል። በውድነሽ ላይ ግን እንዴት ይናደዱባታል?

ያ ስለት ዛሬም በየቤታችን አለ፤ ስሙ ነው የተለወጠው። «ይኼኛው ሐኪም ይሆንልኛል» ብለን ገና በሦስት ዓመቱ እንግዳ ፊት እናስወራዋለን። ትልቋን ልጅ «ታናናሾችሽን አስተምሪ» ብለን ወደ ዓረብ አገር እንልካታለን። በሰው ቤት ደክማ የላከችው ብር ቤት ይሠራል፣ ወንድም ያስመርቃል፣ ሠርግ ይደግሳል። እሷ ስትመለስ ዕድሜዋ ሄዷል፤ «ምነው ሳታገቢ?» እንላታለን! ወገኖቼ፣ ይህን ጥያቄ እንዴት አፋችን ደፈረው?

ጉዱ ካሳንም አንርሳ። እውነተኛ ስሙ ካሳ ዳምጤ ነው። «ጉዱ» ያለው መንደሩ ነው። ጥፋቱ ሁሉም ሰው «እንዲህ ነው የቆየን» የሚለውን ነገር «ለምን?» ብሎ መጠየቁ ነው። መጽሐፉን ስናነብ እናጨበጭብለታለን። በሰፈራችን አንዱ «ለሠርግ ብዬ ዕዳ ውስጥ አልገባም» ወይም «ለተዝካሩ ድንኳን አልጥልም» ሲል ግን አብዷል እንላለን። አንዳንዱም «ጉዱ ካሳ» ብሎ ይሰድበዋል። ስሙን ለስድብ! ሐዲስ ይህን ቢሰሙ ምን ይሰማቸው ነበር?

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ለድሃ ልጅ ሴት ልጃቸውን የማይሰጡት ፊታውራሪ፣ ከዚያው ድሃ ላይ ተጨማሪ ግብር መጠየቅ አላሳፈራቸውም። አበጀ በለውና ገበሬዎቹ የተነሡባቸው ለዚህ ነው። እኛም የሸክላ ሠሪዋ ሴት ልጅ ቤታችን እንዳትገባ እንፈልጋለን፤ እንጀራችን ግን በእሷ ምጣድ ይጋገራል። ቡናው እንኳ የቀረበልን፣ ያን ዕለት፣ በሸክላ ጀበና ነበር። ዓይኔ ጀበናው ላይ ተተክሎ ቀረ።

ሕግ ጎደለን እንዳትሉኝ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሙያው መሳደብን በአዋጅ ከልክለዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ይላል። ሕጉ ካለፈን ቆየ። ሰባት ቤት መቁጠርንም አታምጡብኝ፤ እሱ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ የሚደረግ ነው፣ አልቃወመውም። እኔ የምለው ያኛውን ነው፤ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ በሦስተኛ ሰው በኩል የሚጠየቀውን። ባሕር ተሻግረንም አልተውነው። ዋሽንግተን የሚኖር ሰው የልጁን ፍቅረኛ ስም ሲሰማ አገር ቤት ደውሎ አጥንት ያስጠራል። አንዱ ሙያ ይጠይቃል፣ ሌላው ብሔር ይጠይቃል። ሚዛኑ ያው የፊታውራሪ ሚዛን ነው።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ታናሽ እህቴ አንድ ቀን ማታ፣ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ አንድ ልጅ እንደምትወድ ነገረችኝ። ከሁሉ አስቀድማ ለእኔ ነው የነገረችኝ። እኔ ደግሞ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «የማን ልጅ ነው?» የሚል ነበር። «ያከብርሻል ወይ?» አላልኩም። «ደስተኛ ነሽ ወይ?» አላልኩም። ፊቷ ሲጠቁር አየሁት። «ተወው» ብላ ተነሣች። ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ ስለዚያ ልጅ ዳግመኛ አንሥታልኝ አታውቅም። እኔም ልጠይቃት አፍራለሁ። መጽሐፉን ያን ጊዜ ሁለት ጊዜ አንብቤው ነበር።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሰው ወደድኩ ስትላችሁ ያን የመጀመሪያ ጥያቄ ዋጡት። ምላሳችሁ ላይ ቢደርስም ዋጡት። ስለ ጠባዩ ጠይቁ፣ ስለ ሥራው ጠይቁ፣ ቁጭ አድርጋችሁ እሱን ራሱን አናግሩት። የመጀመሪያው ልጃችሁ በታናናሾቹ ስም የተሸከመውን ሸክም አንድ ማታ ቁጭ ብላችሁ «ከበደህ ወይ?» በሉት። ሽማግሌዎች ሆይ፣ «ሌላ ቀጠሮ» ስንባል ምክንያቱን እያወቅን አንገታችንን ደፍተን አንውጣ። ያን ዕለት እኔ ደፍቼ ወጣሁ። ሦስታችንም እስከ ታክሲው ድረስ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እናንት ወጣቶችም የሰብለንና የበዛብህን ፎቶ በየስልካችሁ መለጠፉ ጥሩ ነው። መጽሐፉን ግን አንብቡት፤ ከዳር እስከ ዳር። ከአባትና ከእናታችሁም ጋር አንብቡት።

ወሬው የልጁ አያት ጆሮ ደርሷል። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ልጁ ሲያለቅስ «እኔ ነኝ የማስቸግር? እንግዲያው እኔው ልሂድ» አሉት።

የፊታችን እሑድ ቀጠሯችን ነው። አራት ሆነን እንሄዳለን። እማማ ነጠላቸውን አጥበው አስጥተዋል፤ በእጃቸው የሠሩትን አዲስ ጀበናም ይዘው ነው የሚመጡት።