ክርክር፦ ሸክላ በላፕቶፕ ይለፍ ወይስ አይለፍ?

ነገሩ የተነሳው ባለፈው ቅዳሜ ማታ ባህር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ አንድ ካፌ ነው። ዲጄው የጋሼን አስራ ሁለት ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ተውሶ ድምፁን በላፕቶፕ እያሳለፈ ኤኮና ፊልተር ጨምሮበት አጫወተ፣ መሃል ላይ ላፕቶፑ ቀጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ጭቅጭቅ ነው፣ በጽሁፍ አድርጉት ተባሉ።

ጋሼ፦
አንተ ልጅ፣ ማጫወቻውን በባጃጅ ጭነህ ሸክላውን አቅፈህ መጥተህ ስታበቃ ድምፁን ኮምፒውተር ውስጥ ከከተትከው ሸክላው ለምን አስፈለገ? ፋይሉን አታጫውተውም ነበር? አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ከጀመረ ወዲህ ካሴት መጥቶ ሸክላን እስኪያስቀረው አስር ዓመት ገደማ ቢሆን ነው፣ እኔ ጋ ያለው የዚያ ጊዜ ሕትመት ነው። ኤኮህስ! ችክችካው በስድስት ይሄዳል ያንተ ኤኮ በአራት እየከፈለ ይመልሳል፣ ሁለት ሰው ባንድ በር ልግባ ልግባ ሲል ነው የሚመስለው፣ ጨፋሪው ትከሻውን የቱ ላይ እንደሚጥል ጠፋው እኮ።

ዲጄው፦
ጋሼ የችክችካዋን ነገር ተቀብያለሁ፣ እሷ የኔ ጥፋት ናት። ፋይል ሲሆን ሶፍትዌሩ ዘፈኑን አስቀድሞ አይቶ ቢቱን ቆጥሮታል፣ ከመርፌ የሚመጣ ድምፅ ሲሆን ግን ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አያውቅም፣ ትራክተር በሚባለው የዲጄ ሶፍትዌር ላይ ዴኩን ላይቭ ኢንፑት (ከውጭ የሚገባ ድምፅ ተቀባይ) አድርጌ ቢፒኤሙን፣ ማለት በደቂቃ ስንት ቢት እንደሚመታ፣ በጣቴ ታፕ ታፕ እያደረግኩ እኔ ነኝ የምነግረው። የድሮ ድራመር ደግሞ ማሽን አይደለም፣ ሲሞቀው ይፈጥናል፣ መግቢያው ላይ የቆጠርኩት ሳክስፎኑ ሲገባ አይሰራም። አሁን ቢቱን ለአራት ሳይሆን ለሦስት የሚከፍለው ላይ አድርጌዋለሁ፣ ይስሙትና ይፍረዱ።

ፋይል አጫውት ላሉት ግን፣ ከእርስዎ ሸክላ አንዳንዱን ፋይል ሆኖ የትም አላገኘሁትም። ታይምኮድ የሚባለውን ሸክላ ባመጣ ልክ ነዎት፣ እሱ ላይ ሲግናል እንጂ ዘፈን የለም፣ ዘፈኑ ከላፕቶፕ ነው የሚመጣው። እኔ ያጫወትኩት ግን የእርስዎን ነው፣ ከነጭረቱ። ኢፌክት ደግሞ ሸክላውን አይነካውም፣ የሚበላው ስክራች (ሸክላውን በእጅ ወዲያ ወዲህ መጎተት) ነው፣ እሱን አንድም ጊዜ አላደረግኩም። የድምፅ መሐንዲሱ ኪንግ ተቢስ ጃማይካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኤኮ እየጨመረ አልነበር እንዴ ዳብ ለሚባለው የሬጌ ስልት መሠረት የጣለው?

ጋሼ፦
ኪንግ ተቢን ባታነሳው ይሻልህ ነበር። እሱ ይሰራ የነበረው ከቴፕ ነው፣ የዘፋኙ ድምፅ ለብቻ ቤዙ ለብቻ ተለይቶ፣ የዘፋኙን ብቻ መዝዞ ኤኮ ይሰጠው ነበር። ሸክላ ላይ ሁሉም አንድ ላይ ተጋግሯል፣ አንተ ኤኮ ስትል ቤዙም ከበሮውም ዘፋኙም አብረው ነው የሚያስተጋቡት፣ ገደል ውስጥ የገባ ማርሽ ባንድ።

ሌላው ዝዝዝ የሚለው። ግማሽ ሰዓት ኬብል ስትቀያይር ቆይተህ ለካ የማጫወቻው ግራውንድ ሽቦ መሬት ላይ ተንጠልጥሎ ነው (ይሄን እንኳ የኔ የድሮ ማጉያ ያውቀዋል)።

ዋናው ግን ላፕቶፑ ቀጥ ያለ ጊዜ ነው። ካፌው ጭጭ አለ። ሸክላው ግን እየዞረ ነው፣ ጠጋ ስል ከመርፌዋ ከራሷ ቅጥን ያለች ድምፅ ትሰማለች፣ ዘፋኙ እኮ አላቆመም፣ እዚያው ማጫወቻው ላይ እንደ ትንኝ ሆኖ እየዘፈነ ነው፣ ማሽንህ ነው አፉን የያዘው። ያለ ላፕቶፕ ቢሆን ይሄ ይመጣ ነበር?

ዲጄው፦
አይመጣም ነበር። ሳውንድ ካርዱ (ማጫወቻውን ከላፕቶፑ የሚያገናኘው ሳጥን) ድምፁን ላፕቶፑን ሳይነካ በቀጥታ ማሳለፍ ይችላል፣ ያኔ ግን ኢፌክቱ አያገኘውም፣ ኢፌክት ከተፈለገ ላፕቶፑ ውስጥ ገብቶ መውጣት አለበት። ድምፁ ገብቶ እስኪወጣ ያለውን መዘግየት ልቀንስ ብዬ ባፈሩን (ላፕቶፑ በአንዴ የሚያጠራቅመውን የድምፅ ናሙና) ከ512 ወደ 128 አውርጄው ነበር፣ በ44.1 ኪሎኸርዝ 12 ሚሊ ሰከንድ ገደማ የነበረው 3 ገደማ ይሆናል፣ ላፕቶፔ ደግሞ አሮጌ ነው አልቻለውም። ስስቴ ነው። የቤዙን ነገር ግን በዕውር ድንብር አልሰራሁትም፣ ኤኮው ፊት ሃይፓስ ፊልተር አስገብቼ ቤዙን ቆርጬ ነው የምልከው፣ ያን ቀን ሁለተኛው ዘፈን ላይ ረስቼው ነው የተጋጋረው።

አሁን ያሰብኩት ሴንድና ሪተርን ያለው ሚክሰር ነው። ሸክላው በቀጥታ ወደ ስፒከር ይሄዳል፣ ላፕቶፑ ጋ የሚላከው ቅንጭብ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ኤኮዋን ብቻ ይመልሳል። ላፕቶፑ ቢሞት ኤኮዋ ትቀራለች እንጂ ዘፈኑ አይቋረጥም። የሚያከራይ ሰው አግኝቻለሁ፣ ለዚህ ቅዳሜ ሸክላዎቹን ድጋሚ ቢያውሱኝ?

ጋሼ፦
ይሄኛውስ ይሻላል፣ መጥቼ እሰማዋለሁ። ግን አስራ ሁለት ሰጥቼህ አስራ አንድ ነው የመለስከው፣ መጀመሪያ እሱን ፈልግ።