ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ለምትገዙ

ፕሌይስቴሽን ቲቪ ላይ የሚሰካ የጌም መጫወቻ ነው። ጀማሪ በፕሌይስቴሽን 5 ይጀምር የሚል ጽሑፍ አይቻለሁ፤ ለእኔ ያገለገለ 4 ይበቃል። ፒያሳም ሆነ መርካቶ ስትገዙ እዚያው ቢያንስ 20 ደቂቃ አጫውቱት። ማራገቢያው ቶሎ ከጮኸ ወይ አቧራ ሞልቶታል፣ ወይ የፕሮሰሰሩ ፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቋል። ጆይስቲኩን ሳትነኩት ተጫዋቹ ብቻውን ከሄደ ዘንጉ አልቋል፤ ዋጋ አስቀንሱ። ዲስክም አስገብታችሁ አውጡ።

ከሁሉ የሚከፋው የመብራት መቆራረጥ ነው። ጌሙ ሴቭ እያደረገ ከጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ እባካችሁ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ግዙለት። በትክክል አልነሳ ካለ አጥፍታችሁ ማብሪያውን 7 ሰከንድ ያህል፣ ሁለተኛው ድምፅ እስኪሰማ ተጫኑ፤ ሴፍ ሞድ የሚባለው የጥገና ምርጫዎች ዝርዝር ይመጣል። ጆይስቲኩን በገመድ አያይዙ፣ ያለገመድ እዚያ አይሠራም። ከዝርዝሩ 5ኛውን ምርጫ (Rebuild Database) ሞክሩ። 6ኛውንና 7ኛውን ግን አትንኩ፣ ያለውን ሁሉ ያጠፋሉ።