ለስብሰባ የሚሄደው ባለሙያ የመሥሪያ ቤቱ አበዳሪ መሆኑ ይብቃ!

ከአዲስ አበባ ወጥቶ ለሙያ ጉባኤ መሄድ ሽርሽር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። «አንተማ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከርመህ መጣህ» ይላሉ። ሐይቁን በመስኮት እንኳ ሳያይ የተመለሰው ሰው ግን ከኪሱ ያወጣውን ብር ለማስመለስ ወር ሙሉ ፋይናንስ ክፍል ደጅ ይጠናል። መምህሩም፣ ሐኪሙም፣ ኢንጂነሩም፣ የግብርና ተመራማሪውም ብሶቱ አንድ ነው። እስኪ በዝርዝር እንናገረው።

ነገሩ የሚበላሸው ገና ከጥሪ ደብዳቤው ነው። አዘጋጁ ጉባኤው ሳምንት ሲቀረው ይልከዋል። መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይወጣለታል፣ ለበላይ ኃላፊ ይቀርባል፣ ኃላፊው ለዳይሬክተሩ ይመራዋል፣ ዳይሬክተሩ ለቡድን መሪው፣ ቡድን መሪው ለባለሙያው። በየጠረጴዛው አንድ አንድ ቀን ቢያድር እንኳ ባለሙያው እጅ የሚገባው ዓርብ ከሰዓት ነው። ጉባኤው ሰኞ ጠዋት 2:30 ላይ ሐዋሳ ይጀመራል፤ ስለዚህ እሑድ መነሳት ግድ ነው። ታዲያ የጉዞ መጠየቂያው መቼ ተሞልቶ፣ መቼ ተፈርሞ፣ ቅድመ ክፍያው መቼ ሊወጣ ነው? ገንዘብ ያዡ ሒሳብ ዘግቷል። «ለጊዜው ከራስህ ሸፍነህ ሂድ፣ ስትመለስ ይወራረዳል» ይባላል። አበዳሪነቱ እዚህ ላይ ተጀመረ። ካለፈው ጉዞ ያልተወራረደ ሒሳብ ካለበትማ ቅድመ ክፍያ ብሎ ነገር የለም፤ ያለፈው ያልተወራረደው ፋይናንስ ክፍል ራሱ ወረቀቱን ይዞ ስለተቀመጠ ቢሆንም ማንም አይሰማውም።

የደብዳቤው ይዘት ደግሞ ይባስ። «የተሳታፊዎች ወጪ በአዘጋጁ ይሸፈናል» ትላለች አንዲት መስመር። የትኛው ወጪ? አልጋ ብቻ? አልጋና ቁርስ? ምሳና ሻይ ቡና? ትራንስፖርትስ? በመንግሥት መሥሪያ ቤት የቀን አበል ይከፋፈላል፦ ቁርስ 10 በመቶ፣ ምሳ 25፣ እራት 25፣ አልጋ 40። አዘጋጁ አልጋና ቁርስ ከቻለ ግማሹ ተቆርጦ የምሳና የእራቱ ለባለሙያው ይከፈላል። ምሳ ብቻ ከቻለ 75 በመቶው ይከፈላል። ደብዳቤው ይህን ለይቶ ካልጻፈ ግን ፋይናንስ «ይሸፈናል ይላል» ብሎ ሁሉንም ይቆርጠዋል። ባለሙያው ሐዋሳ ሲደርስ የተሸፈነው ምሳና ሻይ ቡና ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። አልጋ በራሱ፣ እራት በራሱ፣ መመለሻው በራሱ። በአራት ቃል ሊጻፍ የሚችል ነገር ባለመጻፉ አንድ ቤተሰብ የወሩን አስቤዛ ያጣል።

ስለ አልጋ ካነሳን አይቀር፣ የጉባኤ ቀን የሚቆርጡ ሰዎች የቀን መቁጠሪያ ቢያዩ ምን ነበረበት? ታኅሣሥ 19 ሳምንት ድሬዳዋ ላይ ጉባኤ ይጠራል፤ የቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚ ከተማውን ሞልቶታል። ጥር 11 አካባቢ ጎንደር፣ የኢሬቻ ሰሞን ቢሾፍቱ። አልጋ ከተገኘም በተለመደው ዋጋ አይታሰብም። አበሉ ግን ያው ነው። አንዴ የወጣ ተመን ዓመታት ይቆያል፤ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ገበያው እንዴት እንደሆነ ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል። በስልክ የሚነገረውም ዋጋ የመጨረሻው አይደለም። «2,000 ብር ነው» የተባለ አልጋ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመርበት 2,200፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታከል 2,530 ብር ይሆናል። ሦስት ሌሊት ካደሩ 1,590 ብር ልዩነት ነው። አልጋ ስትይዙ «ቫትና ሰርቪስ ጨምሮ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ አስልኩ።

አሁን ወደ ደረሰኙ እንምጣ። አንጀት የሚያሳርረው እሱ ነው።

የአልጋ ደረሰኝ የሚጠይቁ ድርጅቶች በባለሙያው ስም የተቆረጠ አይቀበሉም። የገዢ ስም መሥሪያ ቤቱ፣ ቲን ነምበሩም (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ) የመሥሪያ ቤቱ መሆን አለበት። ይህን ግን ከጉዞ በፊት የሚነግር የለም፤ የሚነገረው ሲወራረድ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሆቴሉ 275 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው። የተቆረጠ የማሽን ደረሰኝ ደግሞ እንደ ፈለጉ ተሰርዞ በሌላ ስም አይቆረጥም። ስለዚህ ቲን ነምበሩን ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱ፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ስትመዘገቡ እንጂ ስትወጡ አትስጡ፣ ያኔ ጥድፊያ ነው።

ወረቀቱስ? የማሽን ደረሰኝ በቀለም የሚታተም አይደለም። ወረቀቱ ራሱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ኬሚካል የተቀባ ነው። በዚያው ምክንያት ፀሐይ ካየ፣ የመኪና ዳሽቦርድ ላይ ከዋለ፣ ፕላስቲክ ውስጥ ከቆየ ጽሑፉ ይጠፋል። ፋይናንስ ክፍል ለሁለት ወር ሲያንከባልለው ከርሞ ኦዲተር ሲመጣ ባዶ ነጭ ወረቀት ይገኛል። ዕዳውም ወደ ባለሙያው ይዞራል። በዚያው ቀን ፎቶ ኮፒ አድርጉት፣ በስልክም አንሱት። ግን ለምን? መሥሪያ ቤቱ በደረሰበት ቀን ስካን አድርጎ ቢያስቀምጠው ምን ይጎድልበታል?

ባጃጅ ደረሰኝ አይቆርጥም። ይህን የማያውቅ ሒሳብ ሠራተኛ በዚህ አገር የለም። ሆኖም ከመናኸሪያ ሆቴል፣ ከሆቴል አዳራሽ የተከፈለው ሁሉ «ሕጋዊ ደረሰኝ አቅርብ» ይባልበታል። ነዳጅ ከ2015 ጀምሮ የሚቀዳው በዲጂታል ክፍያ ነው፤ ክፍያው ከሾፌሩ ወይም ከባለሙያው ቴሌብር ይወጣል፣ ማስረጃው በስልክ ይመጣል፣ ፋይናንስ ግን ማኅተም ያለበት ወረቀት ይላል። በአውሮፕላን ለሄደ ደግሞ የመሳፈሪያ ወረቀቱ ቁራጭ ካልቀረበ ጉዞው እንዳልተደረገ ይቆጠራል። በስልክ ቼክ ኢን ያደረገ ሰው ቁራጭ የለውም። ስለዚህ በስልክ ጨርሳችሁም ቢሆን ኤርፖርት ቆጣሪው ላይ «በወረቀት አትሙልኝ» በሉ፤ ለመሄጃም ለመመለሻም።

ከአዘጋጁ የሚከፈለው የትራንስፖርት ብርም ሌላ ጣጣ አለው። ሁለተኛው ቀን ላይ የስም መፈረሚያ ወረቀት ከወንበር ወንበር ይዞራል፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ ስልክ፣ የባንክ ሒሳብ፣ ፊርማ። የሒሳብ ቁጥር ማስፈሪያዋ ሳጥን የጣት ስፋት አትሞላም። የንግድ ባንክ ቁጥር 1000 ብሎ የሚጀምር 13 አኃዝ ነው። ጉልበት ላይ አስደግፎ፣ በተዋሰው እስክርቢቶ፣ ጨለም ባለ አዳራሽ ውስጥ ሲጻፍ 1 ከ7፣ 0 ከ6 ይመሳሰላል። አንዷ ከተሳተች ወይም ስሙ እስከ አያት ከባንኩ ጋር ካልገጠመ ክፍያው ይመለሳል፤ መመለሱንም ማንም ደውሎ አይናገርም። ቁጥሩን አራት አራት አኃዝ ለያይታችሁ ጻፉ፣ ስማችሁንም የባንክ ደብተሩ ላይ እንዳለው። ሳጥኗንም አስፍቶ ማተም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር።

የሙያው ነገርማ ከሁሉም ኋላ ነው የሚታሰበው። የክብር እንግዳው እስኪመጣ 2:30 የተባለው 4:00 ይሆናል። የሚቆረጠው የመክፈቻ ንግግሩ አይደለም፣ የጥናት ማቅረቢያው ሰዓት ነው፤ 20 ደቂቃ የተባለው 8 ይሆናል። በአሮጌው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ስላይድ ፎንቱ በሌለበት ላፕቶፕ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል፤ የትኛውም ኮምፒውተር በሚያነበው በዩኒኮድ ጽፋችሁ በፒዲኤፍም ያዙ። አራስ እናት ባለሙያስ? የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ሥራ በገባች ማግስት ለሦስት ቀን ጉባኤ ትመደባለች፤ ሕፃኑንና ሞግዚቷን ይዛ ብትሄድ ክፍሉ ለሁለት ተሳታፊ የተያዘ ነው፣ ብትቀር «ለሙያዋ ፍላጎት የላትም» ይባላል። ይሄ በጣም ያሳዝናል።

ሁሉም ይቅር ቢባል ይቅር የማይባል አንድ ነገር አለ። የመጨረሻው ቀን። መርሐ ግብሩ ከቀኑ 11:00 ይዘጋል፣ የምስክር ወረቀትና የቡድን ፎቶ ሲጨመር 12:00። በአበል አሠራር የመመለሻው ቀን የአልጋ ድርሻ የለውም፣ ምክንያቱም «ማታ ቤቱ ይገባል» ተብሎ ነው የሚታሰበው። ሆቴሉም ክፍሉን የሚያስለቅቀው ቀን ላይ ነው። ስለዚህ ሦስት ቀን ሲጠብቅ የዋለ ሾፌር አምስት የደከማቸው ሰዎች ጭኖ ጨለማ ውስጥ ከሐዋሳ ይነሳል። ከሻሸመኔ እስከ አርሲ ነገሌ ጋሪ አለ፣ አህያ አለ፣ የኋላ መብራት የሌለው አይሱዙ አለ፣ መንገድ ዳር ተበላሽቶ በድንጋይ ብቻ ምልክት የተደረገለት ከባድ መኪና አለ። ከፊት የሚመጣው ረጅም መብራቱን አይቀንስም። የፍጥነት መንገዱ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ሾፌሩ እንቅልፍ ይታገለዋል። የአንድ ሌሊት አልጋ ለመቆጠብ ሲባል ስድስት ሰው ለአደጋ ይዳረጋል፣ ያውም አገር ያስተማራቸው ሰዎች።

ለአዘጋጆችና ለፋይናንስ ኃላፊዎች፦ ደብዳቤው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይላክ። አልጋ፣ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ ትራንስፖርት ተብሎ በየመስመሩ ማን እንደሚችል ይጻፍበት። ቅድመ ክፍያው ከመነሻው ሁለት የሥራ ቀን በፊት ይግባ። የመጨረሻው ቀን መርሐ ግብር ከቀኑ 6:00 ላይ ይዘጋ፤ ይህ ካልተቻለ የዚያች ሌሊት አልጋ ተከፍሎ ተሳታፊውም ሾፌሩም አድረው በማለዳ ይነሱ።