አስተባባሪው ለምን ብቻውን ይሆናል?

ኤግዚኪዩቲቭ ኤምቢኤ፣ ማለትም ሥራ ላይ ላሉ ኃላፊዎች የሚሰጠው የንግድ ሥራ አመራር ማስተርስ፣ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጡት ተማሪዎቹ ናቸው። የባንክ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ፣ የራሷን ድርጅት የምትመራ ሴት። ሥራቸውን ሳይለቁ ማታ ማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ የሚማሩ ሰዎች። ከእነሱ ቀጥሎ ስለ መምህራኑ እናወራለን። ፕሮግራሙን በየቀኑ የሚያስኬደውን ሰው ግን የሚያነሳው የለም።

እኔ ውጭ አገር የምሠራው እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም በሚመራ ቢሮ ውስጥ ነው። አገር ቤትም ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ ወዳጆች አሉኝ። ስንደዋወል ወሬያችን ዞሮ ዞሮ ሥራ ላይ ያርፋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው የሚያሳስበኝ የገንዘቡና የሕንፃው ልዩነት አይደለም። የአገር ቤቱ አስተባባሪ ብቻውን መሆኑ ነው።

እዚህ ፕሮግራም መምራት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። አንዱ ምልመላውን ይይዛል፣ ሌላዋ የተማሪዎችን ጉዳይ፣ ሌላው ተመራቂዎችን። ከበላያቸው ዳይሬክተር አለ። እነዚህ ሰዎች የራሳቸው መገናኛም አላቸው። ኤግዚኪዩቲቭ ኤምቢኤ ካውንስል የሚባል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1981 ተቋቁሞ ዛሬ ከተለያዩ አገሮች ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችን በአባልነት ይዟል። በየዓመቱ ትልቅ ጉባኤ ያካሂዳል። ከአባላቱም መረጃ ይሰበስባል፤ ምን ያህል ሰው አመለከተ፣ የተማሪው አማካይ ዕድሜ ስንት ነው፣ የትምህርቱን ወጪ አሠሪው ይሸፍናል ወይስ ተማሪው ራሱ። አንድ ዳይሬክተር የራሱን ቁጥር ከሌሎቹ ጋር አስተያይቶ የት እንደቆመ ያውቃል። በግምት አይሠራም።

ጉባኤ ላይ የሚነገረው ሁሉ ይጠቅማል ማለቴ አይደለም። ቢዝነስ ካርድ ሰብስቦ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ሞልቷል። ዋናው ነገር የሚገኘው በትንንሾቹ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ነው። በአንዱ ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ዳይሬክተር ተነስታ፣ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ተማሪ እየተወን ነው፣ ምክንያቱ አልገባንም አለች። እዚያው ጠረጴዛ ላይ የዚያው ከተማ ተፎካካሪ ትምህርት ቤት ሰው ተቀምጧል። እኔ ዝም የሚል መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ጥያቄ በጥያቄ ላይ ደራረበባት። ፋይናንሱን የምትሰጡት መቼ ነው? ከስታቲስቲክሱ ጋር በአንድ ሴሚስተር ነው? ተማሪው መከፋቱን መጀመሪያ የሚሰማው ማን ነው? ቀጥሎ እነሱም ይኼው ችግር እንደገጠማቸው ነገራት። አንዱን ኮርስ ወደ ቀጣዩ ሴሚስተር አዛወሩት። በሦስተኛው ሳምንት ለእያንዳንዱ ተማሪ ስልክ መደወልም ጀመሩ። የትምህርት ፕሮግራማቸውን እዚያው በስልኩ ላከላት። የሁለት ትምህርት ቤቶች የዓመት ድካም በግማሽ ሰዓት ተላለፈ።

አሁን ወደ አገር ቤት። አንድ ወዳጄ መምህር ነው። በማስተማሩ ላይ የኤግዚኪዩቲቭ ፕሮግራሙን አስተባባሪነት ደርበው ሰጡት። ቅዳሜ ጠዋት ክፍል የሚያስከፍተው እሱ ነው። የፕሮጀክተር ኬብል የሚፈልገውም እሱ። መምህር ሲቀር እየደወለ ይለምናል። ሬጅስትራር ቅዳሜ ዝግ ነው፤ ተማሪው ደግሞ ግቢ የሚመጣው ቅዳሜ ብቻ ነው። ስለዚህ የአርባ ሰው ወረቀት ሰኞ ዕለት በእሱ እጅ ይዞራል። ይህን ሁሉ እየሠራ የራሱን ክፍል ያስተምራል፣ ፈተና ያርማል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ያማክራል።

እንዲህም ሆኖ ብዙ ተምሯል። ለምሳሌ ሰኔ ላይ ፈተና ማድረግ እንደማይሆን ያውቃል። በጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነውና የባንክና የፋይናንስ ሰዎች በዚያ ወር ቀና የሚሉበት ጊዜ የላቸውም። ለሥራ አስኪያጆች ማስተማር የሚችለው መምህር የትኛው እንደሆነ፣ ንድፈ ሐሳብ ብቻ እያነበበ የሚያሰለቻቸውም ማን እንደሆነ ያውቃል። ሠራተኞቹን ለትምህርት የሚልከው ድርጅት የትኛው እንደሆነ፣ ደብዳቤው ለማን ቢጻፍ ቶሎ መልስ እንደሚገኝም ለይቷል። የአስተባባሪነት ጊዜው ሲያልቅ ለተተኪው ያስረከበው ግን ቁልፍ፣ አንድ ቁም ሣጥን ፋይልና የቴሌግራም ግሩፑን አድሚንነት ነው። የቀረውን ይዞት ወጣ። ማንም አልጠየቀውማ! አዲሱ አስተባባሪ ፈተናውን ሰኔ ላይ አደረገ።

ራቅ ሳይል፣ በዚያው ከተማ፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይኼው ችግር ያለበት ሌላ አስተባባሪ አለ። ምናልባት ማስተርሳቸውን አብረው ተምረው ይሆናል። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታው የሞቀ ነው። ስለ ፕሮግራማቸው ግን አይነጋገሩም፤ ተማሪ እንዳይነጠቅባቸው ይፈራሉ። ሁለቱም ያንኑ ችግር ለየብቻቸው ከዜሮ ይጀምሩታል። ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ።

በአንዳንድ ነገር አገር ቤት ይበልጣል። ወዳጄ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። ማን ሥራ እንደቀየረ፣ የማን ድርጅት እንደተቸገረ ሳይጠይቅ ይነግራችኋል። አንድ ስልክ ደውሎ የኩባንያ ኃላፊ ለቅዳሜ ክፍል ያስመጣል። እኛ ጋ ለዚያ ሳምንታት የፈጀ ኢሜይል ይጻጻፋል። ሰው ማወቅና ማገናኘት እንግዲህ አልጎደለም። ለተማሪው የሚደወለው ስልክ ለሥራ ባልደረባ አልተደወለም እንጂ።

ልዩነቱ የዕድሜ ነው የሚሉኝ አሉ፤ እነሱ ቀድመው ጀምረዋል ይሉኛል። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ኤግዚኪዩቲቭ ኤምቢኤ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ኮሜርስ ብለን የምንጠራው የአዲስ አበባው ንግድ ሥራ ትምህርት ቤትም የተመሠረተው በዚያው ዓመት ነው። ደረጃው ይለያይ እንጂ የንግድ ትምህርት ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም።

ገንዘብ የለም የሚለው ክርክር ግን እውነት አለው። ለውጭ ጉባኤ የምዝገባው፣ የአውሮፕላኑ፣ የቪዛው ጣጣ ብዙ ነው፤ ዶላሩንም ማግኘት ቀላል አይደለም። ቀረብ የሚል ከተፈለገ የአፍሪካ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ማኅበር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው የተቋቋመው። ከዚያም በፊት ግን ያው ከተማ ውስጥ ያሉ አስተባባሪዎች አንድ ክፍል ውስጥ ለመቀመጥ ዶላር አያስፈልጋቸውም።

ነገሩ የሚያስቸኩለኝ በምክንያት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎችም በዚያው መንገድ እንዲሄዱ ታስቧል። ራስ ገዝ የሆነ ተቋም የራሱን ገቢ መፈለጉ አይቀርም፤ ከፍሎ የሚማር ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ጥሩ የገቢ ምንጭ ነው። ዓለም አቀፍ እውቅና ማምጣትም ይታሰብ ይሆናል። ለኤምቢኤ ፕሮግራሞች እውቅና የሚሰጠው፣ እንግሊዝ ያለው አምባ (AMBA) የተባለ ማኅበር ለምሳሌ የኤምቢኤ ተማሪ ቢያንስ የ3 ዓመት የሥራ ልምድ እንዲኖረው ይጠይቃል። ገምጋሚዎች ሲመጡ የሚያዩት ሰነድ ነው፤ ተማሪው በምን መስፈርት ገባ፣ አስተያየቱን ሰምታችሁ ምን ቀየራችሁ። ይኼ ሁሉ የሚገኘው አስተባባሪው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሰውየው በየሁለት ዓመቱ ባዶ እጁን የሚጀምር ከሆነ ምን ሊያሳያቸው ነው?

ለዲኖች የምለው አጭር ነው። የአስተባባሪውን የማስተማር ጫና ቀንሱለት፤ ተተኪውንም አንድ ሴሚስተር አብሮት እንዲሠራ ቀድማችሁ መድቡ።

ከአገር ውጭ ላለነው ደግሞ ረዘም ያለ ነገር አለኝ። ለእረፍት ስንሄድ አንድ ገለጻ እናደርጋለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ እንመለሳለን። ተማሪው ይደሰታል፤ ክፉ ነገር አይደለም። በእንዲህ ዓይነት ቢሮ የምንሠራ ሰዎች ግን የተሻለ ነገር መስጠት እንችላለን። የዓመት የሥራ መርሐ ግብር እንዴት እንደሚወጣ፣ ተመራቂ ሲወጣ የሚሞላው መጠይቅ ምን እንደሚመስል፣ የርክክብ ፋይል ውስጥ ምን መግባት እንዳለበት እናውቃለን። ይኼ ሚስጥር አይደለም። አለቆቻችንን አስፈቅደን ቅጹን መላክ፣ በወር አንድ ጊዜ በዙም ለአንድ ሰዓት ከአስተባባሪዎች ጋር መቀመጥ ይቻላል። የሚመሩት እነሱ ይሁኑ፤ እኛ ስንጠየቅ እንመልስ።

ለመጀመሪያው ስብሰባ ትልቅ አጀንዳ አያስፈልግም። እያንዳንዱ አስተባባሪ ከመዝገቡ አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ ይምጣ፤ ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ፣ በየትኛው ሴሚስተር አቋረጠ? ቁጥሮቹን አንድ ሰሌዳ ላይ ይጻፏቸውና ከዚያ ይነጋገሩ።