ስም ለሌላት ቀስት የቀረበ ውዳሴ

ሰሞኑን ከአንድ ድርጅት የክፍያ ሲስተም ስንረከብ ከኮዱ ጋር አሠራሩን በሥዕል የሚያሳይ አንድ ዲያግራም ተሰጠን። እንደ ዲፕሎማ በላሚኔት ታሽጓል፤ ሰባት ቀለም አለው፤ የቀለሞቹን ፍቺ የሚነግር መስመር ግን የትም የለም። ሙያው እዚህ ደረጃ ላይ ደርሷልና ማመስገን ይገባል።

በመሃል ‹ዋና ሲስተም› የተባለ ሳጥን ተቀምጧል፤ የቀረውን አንባቢ በራሱ ጥረት እንዲደርስበት ተትቶለታል። ልቤን የወሰደችው ግን ከዚህ ሳጥን ተነሥታ፣ ‹ሪፖርት› የተባለውን ሰንጥቃ፣ በጠርዙ ወደተሣለው ደመና የምትገባዋ ባለ ሁለት ራስ ቀስት ናት። በላይዋ አንድም ቃል አልተጻፈባትም፤ ስለዚህም ትርጓሜዋ በዛ። አንድም ጥያቄ ወደ ባንክ የሚላክባት መንገድ ናት፤ አንድም ገንዘቡ ራሱ የሚጓዝባት ናት፤ አንድም ራሷ በሁለቱም በኩል ነውና የሁለት መምሪያዎችን መልካም ግንኙነት ታመለክታለች ተባለ። ስብሰባ ተጠራ፤ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ ሌላ ስብሰባ ተቀጠረ፤ ከደመናው በስተጀርባ ያለውን የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ ሊቋቋም ጥቂት ነበር የቀረው። በመጨረሻ ሥራ ለቆ የሄደው ሠዓሊ በስልክ ተገኘና ‹‹እሷን? በዚያ በኩል ገጹ ባዶ ሆኖብኝ ነው›› ሲል ገላገለን።

እንዲህ ያለውን ነፃነት ላየ ሰው፣ ግራዲ ቡች፣ ጄምስ ራምባው እና ኢቫር ጃኮብሰን የየራሳቸውን አሣሣል አዋሕደው ዩኤምኤል የተባለውን የሲስተም መሣያ ቋንቋ ለማውጣት ለምን እንደደከሙ ይገርመዋል። በ1997 እ.ኤ.አ. መስፈርት ሆኖ በጸደቀው በዚህ ቋንቋ፣ መልእክቶች በየተራ የሚለዋወጡበትን በሚያሳየው በቅደም ተከተል ዲያግራም ላይ ጫፏ የተሞላ ቀስት ላኪው መልስ እስኪያገኝ ቆሞ እንደሚጠብቅ ትናገራለች፤ ጫፏ ክፍት የሆነችው ሳይጠብቅ ሥራውን እንደሚቀጥል ትናገራለች፤ የተቆራረጠችው ደግሞ መልሱን ይዛ ትመለሳለች። እነዚያ ምስኪኖች በአንድ ጫፍ ይህን ሁሉ ሲናገሩ፣ የእኛዎቹ ሁለት ጫፍ ሰጥተው ምንም አለመናገርን ተክነውበታል።

ጥበቡ ከየት እንደሚቀዳ ለማወቅ የመመረቂያ ፕሮጀክቶችን መግለጥ ይበቃል። ኮዱ ካለቀ በኋላ፣ ለገምጋሚ ሊቀርብ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ የንድፉ ምዕራፍ ከአምና ተመራቂዎች ይወረሳል፤ ስለዚህም በክሊኒክ ማስተዳደሪያ ሲስተም ውስጥ ታካሚው መጽሐፍ ሲዋስ፣ ሐኪሙም በወቅቱ ባለመመለሱ ሲቀጣው እናያለን። ገምጋሚውም ዲያግራሞቹን ይቆጥራል፤ በዝተው ካገኛቸው ያሳልፋል።

ሽሙጡን ለአፍታ ላቁመው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የደንበኛ ሂሳብ ተቀንሶ ክፍያው ሳይመዘገብ ሲቀር፣ ተረኛዋ ወጣት ማወቅ የሚያስፈልጋት አንድ ነገር ነው፤ ከባንኩ መልስ ሳይመጣ ጊዜው ካለፈ ጥያቄውን ደግሞ የሚልከው ማን ነው? በእጇ ብትደግመው ደንበኛው ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላል፤ ብትተወው ገንዘቡ ተንጠልጥሎ ያድራል። ስድስት ቀስቶች ያሉበት፣ በየቀስቱ ላይ የመልእክቱ ስም የተጻፈበት፣ መልሱ ሲቀር የሚሆነውን የሚያሳይ ግማሽ ገጽ ይበቃት ነበር። የተሰጣት ግን ባለ ሰባት ቀለም ውሸት ነው። ኮዱ ሲቀየር አብሮ ያልተቀየረ ዲያግራም ጭራሽ ካለመኖሩ ይብሳል፤ ፊርማና ማኅተም ስላለበት ሰው ያምነዋል። የሣለው ሰው ያን ሌሊት ተኝቷል።

ወደ ውዳሴው እንመለስ። ሜርሜይድና ፕላንትዩኤምኤል የሚባሉ መሣሪያዎች ዲያግራሙን በተራ ጽሑፍ ያስጽፉና ሥዕሉን ራሳቸው ያወጡታል፤ ጽሑፉ ከኮዱ ጋር በአንድ ማከማቻ መቀመጥ ስለሚችል፣ ኮዱን የቀየረ ሰው ዲያግራሙንም በዚያው አስተካክሎ ባልደረቦቹ እንዲያዩለት ያቀርባል። ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ጊትሀብም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሜርሜይድን ጽሑፍ በቀጥታ ሥዕል አድርጎ ያሳያል። ይህንኑ ለአንድ የተከበሩ የዲያግራም ሊቅ ባሳየኋቸው ጊዜ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ተመለከቱና ‹‹ጥላ የለው፣ ጌጥ የለው! ደግሞስ ይህን ማንም ተነሥቶ ሊያርመው ይችላል እኮ!›› ብለው ደነገጡ።